ለለቅሶ ፎቶ የተሰጠ ፈቃድ

እናቴ በገዛ እጇ በተከለችው ዛፍ ስር ቆማ አንዲት ፎቶ ለመነሳት ሦስት ደብዳቤ፣ ሁለት ምስክርና አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶባታል። ቀኑን የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ እንዲህ ያለ ነገር አትቆጥርም። ፎቶ አንሺዋም እኔው ነበርኩ። እናትሽን ፎቶ ለማንሳት ማመልከቻ ትጽፊያለሽ ብሎ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እስቅበት ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ቢቸና ፎቶ ቤት ነበረኝ። ሥራውን ያስተማረኝ ባሌ ነው፤ አስተምሮኝ ብዙም ሳይቆይ ታሞ ሞተና ካሜራው፣ አንዲት ክፍል ቤትና ግድግዳው ላይ የተሳለው ፏፏቴ ለእኔ ቀሩ። መጀመሪያ ላይ ከገጠር ለመታወቂያ ፎቶ የሚመጣው ወንድ ሁሉ በሬ ላይ ቆሞ «ፎቶ አንሺው የታለ?» ይለኝ ነበር። «እኔ ነኝ» ስለው አንገቱን አስግጎ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይፈልጋል። «ከኋላዬ ያለው ፏፏቴ ብቻ ነው፤ ግባና ተቀመጥ» እለዋለሁ። አንዳንዱ እየሳቀ ይገባል፣ አንዳንዱ አኩርፎ ይሄዳል። የሄደውም ቢሆን ቀበሌው መታወቂያ አምጣ ባለው ማግሥት ተመልሶ ይመጣል፤ በቅርብ ሌላ ፎቶ ቤት አልነበረማ።

እናቴ የምትኖረው ሞጣ ነው። አባቴ ትቶላት የሞተው ሰፊ ግቢ ነበራት፤ ኮክ አለ፣ ጌሾ አለ፣ ጽጌረዳ አለ፣ ከመሐሉ ደግሞ ባገባች በዓመቱ የተከለችው ዋንዛ አለ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ ግቢው ከትርፍ ተቆጠረ። መንገድ ዳር ያሉት ሁለት ክፍሎች ለእሷ ቀሩ፣ ከጓሮ በኩል አጥር ተመታ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለው የሕዝብ መናፈሻ ተባለ። ጌሾው ተነቀለ፣ አግዳሚ ወንበር ተተከለ፣ የዋንዛው ግንድ እስከ ወገቡ ድረስ ነጭ ኖራ ተቀባ። እናቴ በጓሮ በሯ ቆማ ያን አየችና «ዛፌን ካልሲ አለበሱት» አለች።

ከዚያ ወዲያ መናፈሻው ውስጥ አንድም ቀን እግሯን አላስገባችም። ቅዳሜና እሁድ ከተሜው ይናፈስበታል፤ እሷ ከበሯ ላይ ጥጧን እየፈተለች ታያለች። «ምነው እርስዎም ገብተው ቢናፈሱ» ሲሏት «በጓሮዬ እንግዳ ሆኜ?» ትላለች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም፣ አቤት ብላም የማንንም ቢሮ ደጅ አልጠናችም። አልገባም አለች፣ አልገባችም።

ነገሩ የተጀመረው ከጎረቤት ለቅሶ ነው። በእኛ አገር ለቅሶ ሲወጣ የሟች ልብስና ዕቃ ይያዛል፤ ለወንድ ጠመንጃው፣ ለሴት ቀሚሷና እንዝርቷ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ፎቶ ተጨመረ። አስለቃሿ ፎቶውን ከፍ አድርጋ ይዛ በለቀስተኛው መሐል ትዞራለች፤ ሰው ፊቱን እያየ ያለቅሳል። ጎረቤታችን የነበሩት ባልቴት ሲሞቱ ታዲያ ቤታቸው ተበርብሮ ተበርብሮ ከቀበሌ መታወቂያቸው በቀር ፎቶ ጠፋ። አስለቃሿ መታወቂያውን ይዛ ዞረች። ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ማን እንደሞተ አያይም። ቀረብ ያለውም የሚያየው ሴትዮዋን አይደለም፤ ግማሽ ፊታቸውን የሸፈነውን ሰማያዊ ማህተም ነው።

እናቴ ከዚያ ለቅሶ እንደተመለሰች ሰው ላከችብኝ። ታመመች ብዬ ልቤ ድንግጥ አለና ሱቄን ዘግቼ ልነሳ አልኩ። መነሳትማ በዚያ ጊዜ ዝም ብሎ የለም፤ ከቢቸና ሞጣ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ጸሐፊው «ለምን ጉዳይ?» አለኝ። «እናቴን ልጠይቅ» አልኩት። «ካሜራውስ?» አለኝ። ካሜራው ብቻውን ማደር ይፈራል ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የሥራ ዕቃዬ ነው አልኩና ወረቀቴን ተቀበልኩ። አቧራ ለብሼ፣ በደብረ ወርቅ አድርጌ ሞጣ ስገባ እናቴ ደህና ናት፤ ደጃፏን እየጠረገች ነው።

«ነይ፤ ለለቅሶዬ የሚሆን ፎቶ አንሺኝ» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«እማዬ፣ ምንም ሳትሆኚ ምን አስቸኮለሽ?»

«ታምሜ ልነሳልሽ ነው? የምነሳው ሳምር ነው እንጂ። ፎቶ አንሺ ልጅ ወልጄ እንደዚያች ምስኪን በመታወቂያ አልዞርም።»

«እንግዲያው ቢቸና ነይና ከፏፏቴው ፊት ላንሳሽ።»

«ያንቺን ፏፏቴ ለባለገር አንሺበት» አለችኝ። «እኔ የምነሳው ከዋንዛዬ ስር ነው። የሚያለቅስልኝ ሰው የት እንደኖርኩ ይወቅ።»

ይኸው ነው የፈለገችው። መሬቱን መልሱልኝ አላለችም። አንዲት ፎቶ፤ ፊቷ በደንብ የሚታይባት፣ ዛፏ ያለባት፣ ስትሞት አስለቃሿ ከፍ የምታደርጋት። እኔ ደግሞ ይሄን ላላደርግላት ምን ቆርጦኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ቦታውን ልየው ብዬ ካሜራዬን አንግቼ በመናፈሻው በር ገባሁ። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው፤ ካሜራውን ሲያዩ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ልጄ፣ እሱን መልሺው፤ ክልክል ነው» አሉና ወደ ዋንዛው ጠቆሙኝ። የእናቴ ዛፍ ላይ የበር ሳንቃ የሚያህል ሰሌዳ በአራት ሚስማር ተመቷል። «አበባ መቅጠፍ፣ ዛፍ መቁረጥ፣ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ደሜ ፈላ። ዛፍ አትጉዳ የሚል ጽሑፍ በሚስማር ዛፍ ላይ የመታውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ብዬ ተመኘሁ።

«ፎቶ ምን ያደርጋል አባባ?» አልኳቸው።

«ወዲያ ማዶ የቀበሌው አዳራሽ አለ፤ ከዚያ ወዲህ የውሃው ታንከር አለ። ጠላት እንዳያያቸው ነው።»

«የትኛው ጠላት?»

«እሱን እኔ አላውቅ። ኮሚቴው ነው የሚያውቀው።»

የመናፈሻው ኮሚቴ ሊቀመንበር ካኪ ለባሽ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሚሰካ ሰው ነበር። እናቴ በደንብ ታውቀዋለች። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ቅኔ ሊማር ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ለምድ ለብሶ፣ በአኩፋዳው ከእናቴ ደጅ ስንት ዓመት እህል ተቀብሏል። ቅኔውን መሐል ላይ ትቶት ከዚህ ደረሰ። ልንጠይቀው ቢሮው ስንገባ እናቴን ምን ብሎ እንደሚጠራት ጨነቀው። እመቤቴ እንዳይላት ጊዜው አልፎበታል፤ ጓዲት እንዳይላት የበላው እህል ይዞታል። «እማማ» አለና አረፈ። እሷ ግን አልጨነቃትም፤ «አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?» አለችው። አጠገቡ ሰው ስለነበር ጆሮው ሲቀላ አየሁት።

ፈቃድ ያለ ማመልከቻ አይሆንም አለን። ማመልከቻ ጻፍኩ። ማዘጋጃ ቤቱ ካልተስማማ አይሆንም አለን። ማዘጋጃ ቤት ሄድን፤ ሁለት ቀን ቁጭ ብለን በሦስተኛው ቀን አንዱ ሹም አስገባን። ማመልከቻውን አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ «ይዞታው ቀድሞ የማን ነበር?» አለ። የእሷ ነበር ስንለው እንግዲያውስ ፎቶው ወደፊት ለይገባኛል ጥያቄ ማስረጃ እንዳይሆን ያሰጋል አለ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ለለቅሶዬ ነው ያልኩህ። ሞቼ መሬት ልጠይቅህ ነው?»

ሰውየው ሳቁ መጣበትና በሳል ሸፈነው። ያም ሆኖ መሬቱን ላትጠይቅ በጣቷ አስፈረማት። ይሄን እስከ ዛሬ ሳስበው አንጀቴ ያራል። ሴትዮዋ አንድ ቀን እንኳ አፏን ከፍታ ያልጠየቀችውን ነገር አልጠይቅም ብለሽ ፈርሚ ተባለች። አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፣ የተረፈውን ቀለም ደግሞ በእሱ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ጠረገች። ሹሙ አላየም፤ እኔ አይቻለሁ።

ሁለት ምስክር አምጡ ተባልን። አንዱ የሰፈራችን ቄስ ሆኑ፤ ሌላው ከገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከአባቴ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ጉርብትና የኖሩ ሙስሊም ሽማግሌ። «ምን ብለን ነው የምንመሰክረው?» አሉ ሁለቱም። ፎቶ ብትነሳ አብዮቱን እንደማትጎዳ ነው አልኳቸው። ሽማግሌው ጢማቸውን እየዳበሱ «ፎቶ ያልተነሳንስ ምን ጠቀምነው?» አሉና ፈረሙ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ሲያበቃ ሊቀመንበሩ ካሜራሽ ሕጋዊ ለመሆኑ ከቢቸና ደብዳቤ አምጪ አለኝ። እርር ድብን አልኩ። «ከመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት።

«ከመጀመሪያው ቀን አልጠየቅሽማ» አለኝ።

ያን ዕለት እናቴን ተይው እማዬ፣ ፏፏቴው ፊት ላንሳሽና ይብቃን አልኳት። ሆድ ብሶኝ ነበር። እሷ ከእንዝርቷ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «ደክሞሽ ከሆነ እረፊ፤ ከሰነፍሽ ግን ሌላ ፎቶ አንሺ እፈልጋለሁ» አለችኝ። በማግሥቱ ቢቸና ወረድኩ፤ ደብዳቤውን ይዤ ተመለስኩ።

በአሥረኛው ቀን ፈቃዱ ወጣ። ሊቀመንበሩ ቆሞ እያነበበ ነው የሰጠን። የሚነሳው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ሲነሳ እሱ ራሱ ይገኛል። አዳራሹም ታንከሩም አይታዩም። ፎቶው የሚታጠበው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን ከነነጌቲቩ ለኮሚቴው ይቀርባል፤ ነጌቲቩ እዚያው ይቀራል፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ማህተም ይመታበታል።

«ከጀርባው ነው?» አልኩት።

«ከፊቱ ነው እንጂ። ማህተም ሰውየውን ካልነካ አይጸናም። መታወቂያ ላይ አላየሽም?»

ይሄ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ መታወቂያ ላይ ማህተም ሲመታ ኖሮ ፎቶ ማለት ሌላ ምን እንደሆነ ጠፍቶበታል። መታወቂያ ላይ ማህተሙ ፎቶውን የሚነካው ሌላ ፎቶ እንዳይለጠፍበት ነው። የግድግዳ ፎቶ ላይ ምን ሊለጠፍ ነው? ይሄን ላስረዳው ብዬ አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ሰውየውን የሚነካው የት ላይ ነው?» አለችው።

«የትም ይሁን እማማ። ብቻ ይንካ።»

«የትም ይሁን» አለች እሷም። ተያይዘን ወጣን። እኔ ግን ቤት እስክንደርስ ስናደድ ነው የሄድኩት። ሌላ ቅጂ በስውር አትምልሻለሁ፣ ማን ያውቃል አልኳት። እናቴ አልሰማ አለች። «ማህተም የሌለው ፎቶ ለቅሶዬ ላይ ቢያዩ ሱቅሽን ነው የሚያሽጉት። የተሰረቀ ፎቶ ይዛችሁ አታልቅሱልኝ። የፈቀዱትን ነው የምይዘው» አለችኝ። ፈርታ መሰለኝና አዘንኩባት። እናቴን ፈሪ ብዬ ያሰብኩት ያን አንድ ቀን ብቻ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ እናቴ ወደ ጓሮዋ ገባች። ነጭ ቀሚስ ከነጥለቱ ለብሳለች፣ ሹሩባዋ አዲስ ነው፣ ነጠላዋ እንደ ጥምቀት ቀን ተተኩሷል። ከዋንዛው ስር እንደደረሰች ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

«ምነው ጫማሽን?» አልኳት።

«በጓሮዬ ጫማ አድርጌ አላውቅም» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። ሊቀመንበሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከተ።

የእኔ ካሜራ ባለ ሁለት ዓይን ነው፤ አንገትን ደፍቶ ከላይ ወደ ታች እያዩ ነው የሚያነሱበት፣ መስተዋቱም ቀኙን ግራ ግራውን ቀኝ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ሊቀመንበሩ አዳራሹ አለመግባቱን ልይ አለና ተጎንብሶ አየ። በስተዳር የአዳራሹ ጥግ ትንሽ ትታያለች። ያቺን ላስወጣ ብሎ ካሜራውን ወደ ወዲያ ሲያዞረው አዳራሹ እያደገ ሄደ። ይበልጥ አዞረው። አዳራሹ ከነበሩ፣ ከነባንዲራው፣ ከነታንከሩ መስተዋቱን ሞላው። ላብ አጠመቀው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አዳራሹን ያስገቡት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ላስወጣልዎት» አልኩት። ጥበቃው ሽማግሌ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ካሜራውን መለስኩት፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ከኋላዬ ሄዶ ቆመ።

ሰሌዳው እንዳይታይ ከጎን በኩል ቦታ ፈለግሁና እናቴን ከግንዱ ፈንጠር አድርጌ አቆምኳት። ፊቷ እንዲጎላ ቀረብ አልኩ። «ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ። «ደረትሽ ድረስ ነው የማነሳሽ» አልኳት። «ወደ ኋላ ሂጂ። እግሬን እንዳትቆርጪው» አለችኝ።

«እማዬ፣ እግር ምን ያደርግልሻል? ለለቅሶ የሚፈለገው ፊት ነው። እግርሽን ላስገባ ካልኩ ፊትሽ ያንሳል።»

«ይነስ። ከእግሬ በታች ደግሞ ትንሽ መሬት ተይልኝ።»

ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ እግሯን ስትደብቅ የኖረች ናት። ተረከዟ የተሰነጣጠቀ ነው፣ በሰው ፊት ቀሚሷን ወደ ታች ትጎትታለች። ዛሬ ምን ነካት አልኩ። ግን አንዲት ፎቶ ብቻ ናት የተፈቀደችው፤ በዚያች ላይ ከእናቴ ጋር ልጣላ አልፈለግሁም። ወደ ኋላ ሄድኩ። ሙሉ ቁመቷን፣ ሁለት ባዶ እግሯን፣ ከእግሯ በታችም የመዳፍ ያህል መሬት አስገባሁ። እናቴ አልሳቀችም፣ አልኮሰተረችም፤ አገጯን ቀና አድርጋ ካሜራውን ሳይሆን ከእኔ ጀርባ የቆመውን ሰውዬ አየች። ያኔ ነው የካሜራውን ቁልፍ የነካሁት።

ፊልሙን ቢቸና ወስጄ አጠብኩት። መብራት ስላልነበረኝ ፎቶ የማትመው ቀን ላይ ነው፤ ጨለማ ክፍሌ መስኮት ላይ በበሳሁት ቀዳዳ ፀሐይ ይገባል፣ በእሱ ነው የምሠራው። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ስነክረው መጀመሪያ ዛፉ መጣ፣ ቀጥሎ ቀሚሷ፣ በመጨረሻ ፊቷ። የደብተር ገጽ የሚያህል አድርጌ ነው ያተምኩት፤ ፊቷም እንደፈራሁት አላነሰም። ስንት ሺህ ሰው አንስቻለሁ፤ እንደዚያ ያማረ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ይሄን ፊት ነው አሁን ማህተም የሚያለብሱት ብዬ ብቻዬን አለቀስኩ።

ሞጣ ተመልሼ ሁለታችን ቢሮው ገባን። ነጌቲቩን አስረከብኩ። ሊቀመንበሩ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ማህተሙን ቀለሙ ላይ ሁለቴ ጫን ጫን አደረገ፣ ወደ አፉ አስጠግቶ ተነፈሰበት፣ እጁን አንስቶ በለመደበት ቦታ፣ በእናቴ ደረትና አገጭ መካከል አነጣጠረ። እናቴ መዳፏን ፎቶው ላይ ዘረጋች።

«ፊቴን አትንካ።»

«ፊትዎን አይደለም እማማ፤ ደረትዎ ላይ ነው።»

«ደረቴንም አትንካ።»

«ሰውን ካልነካ አይጸናም፤ መመሪያ ነው።»

«የትም ይሁን አላልክም? ይንካኝ። እግሬ አለልህ» አለችው። «እግር የሰው አይደለም?»

ሰውየው ፎቶውን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ፊቱ ላላ። ያን ሁሉ ቀን እንደዚያ ሲለሰልስ አላየሁትም። ሴትዮዋ ራሷን ዝቅ ያደረገች፣ እግሬ ይበቃኛል ያለች መሰለው። «ምነው ሁሉም እንደ እርስዎ ትሑት በሆነ» አለና ማህተሙን ከእግር ጣቶቿ ስር፣ የመዳፍ ያህል በተውኩት መሬት ላይ መታው። ደህና አድርጎ ነው የመታው፤ የላይኛው ጠርዝ ብቻ ሁለቱን አውራ ጣቶቿን ነካ። ፎቶውን በሁለት እጁ አነሳና አክብሮ ሰጣት።

መንገድ ላይ እንደወጣን እናቴ ፎቶውን በክንዷ ርዝመት ያዘችው።

«አየሽው?» አለችኝ።

አየሁት። እናቴ በባዶ እግሯ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ዛፏ ስር ቆማለች። ከእግሯ ስር ደግሞ የመናፈሻው ኮሚቴ ማህተም አለ፤ ከነኮከቡ፣ ከነጽሑፉ። በሁለት እግሯ ረግጣዋለች። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

«እማዬ፣ ይሄ ያሳስራል።»

«ማንን?» አለችኝ። «የፈቀደ እሱ፣ የመታ እሱ። እኔ እንደሆንኩ ቆሜ ነው ያለሁት።»

ከዚያ ፎቶው በቤቷ፣ በሩን ፊት ለፊት በሚያየው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ለቆጠራም ለመዋጮም የሚመጡ የቀበሌ ሰዎች ቀና ብለው ያዩና «ማህተም አለው» ብለው ያልፋሉ። መኖሩን ነው እንጂ የት እንዳለ የሚያይ አልነበረም። እኔ ልጠይቃት በሄድኩበት ቀን ከመጡ፣ እናቴ እነሱ ሲወጡ ዓይኗን በእኔ ላይ ታሳርፍና እንዝርቷን ትቀጥላለች።

የሞተችው ደርግ ገና ወንበሩ ላይ ሳለ ነው። ቢቸና መርዶው ሲደርሰኝ እንዴት ሞጣ እንደገባሁ አላውቅም። ሁለቱ ክፍል ለቀስተኛውን አልበቃ ብሎ ድንኳኑ መንገዱ ላይ፣ ከመናፈሻው አጥር ጥግ ተተክሏል፤ ዋንዛው በአጥሩ ላይ ዘንበል ብሎ ከላያችን ይታያል። አስለቃሿ ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳ ይዛ ወጣች። ከፍ አድርጋ በሰዉ መሐል ስትዞር ሁሉም እናቴን አያት። ከዳር የቆመውም አያት። ዛፏን እያሳየች «ይቺን የተከለች» እያለች አስለቀሰች፤ የፈለገችው ይኸው ነበርና ሆነላት።

ሊቀመንበሩ መጣ። መምጣቱ አላስገረመኝም፤ በእኛ አገር ለቅሶ አይቀርም። ቆቡን አውልቆ ከፊት ካሉት ወንዶች መሐል ቆመ። አስለቃሿ ፎቶውን እንደያዘች ከፊቱ ስትደርስ ቀና ብሎ እናቴን አያት፣ እንባ ዓይኑ ላይ ሞላ፤ የበላው እህል ትዝ ብሎት ይሆናል፣ አልዋሽም። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። እግሯ ላይ ቆመ። ከእግሯ ስር ያለውን አየ። ያ ሰው ማህተሙን በገዛ እጁ መትቶ፣ እግሯ ስር መሆኑን ያየው ያን ዕለት ነው።

ለቅሶው ረገብ ሲል አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ማህተም...» አለ።

«የእርስዎ ነው» አልኩት።

«እግሯ ስር ነው እኮ።»

«የመቱት እርስዎ ነዎት። ይንካ አሉ፣ ነካ።»

ፊቱ ቀላ። ወደ አጥሩ ተመለከተ፣ ወደ ዛፉ ተመለከተ፣ ሰው ይሰማን እንደሆነ ዙሪያውን ተመለከተ። ሱቄ ትዝ አለኝ፣ ካሜራዬ ትዝ አለኝ፤ እናቴ ሞታ ግን እኔ ስለ ሱቅ ልፈራ አልቻልኩም።

«ከሠልስት በኋላ ፎቶውን ቢሮ ይዘሽ ነይ» አለኝ።

ሠልስቷ አለፈ። አርባዋ ወጣ፣ ሙት ዓመቷም ወጣ። ደርግ ወደቀ፣ ሰውየውም ከወንበሩ ወረደ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወሰድኩለትም።